ከጣርማበር አፋፍ እስከ ዳሎል፦ ካሜራ ይዤ ልወርድ ነው፣ ምክራችሁን

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት በማንሳት ነው ቤቴን የማስተዳድረው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ላይ የሚሠራ ፎቶ አንሺ ካሜራውን የሚጠብቀው ከጉም፣ ከውርጭና ከካፊያ ነው። ዘንድሮ ግን ጥምቀትን አንስቼ እንደጨረስኩ፣ ጥር 14 ቀን፣ ወደ ዳሎል ለመውረድ ቆርጫለሁ። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ግድም ነው። ከቤቴ ደጃፍ እስከዚያ ወደ 3 ሺህ ሜትር ቁልቁለት ማለት ነው።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ጣርማበር አፋፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ስታዩ፣ ጉሙ የተገለጠ ቀን ገደሉ ይወርድ ይወርድና መጨረሻው ላይ ቀለም ያጣል። መሬት ይሁን ሰማይ አይለይም። ልጅ ሆኜ አባቴን ያ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው በረሃ ነው አለኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። ካሜራ ከያዝኩ ወዲህ ስንቴ እንዳነሳሁት አላውቅም። ፎቶው ላይ የሚቀረው አንድ ግራጫ መስመር ብቻ ነው። አሁን መስመሩ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ።

ያለኝ አንድ ካሜራ፣ አንድ ሰፊ ሌንስ (16-35) እና አንድ ረጅም ሌንስ (70-200) ነው። ሐሩሩና ጨው ካሜራዬን ይጎዳው ይሆን? በየት በኩል ልሂድ? ለእኔ ዳሎል ማለት ቀለም ነው፤ ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ብርቱካኑ። ሦስት ቀን ይበቃኛል። ሰው ሳላስገባበት ቀለሙን ብቻ አንስቼ መመለስ ነው ያሰብኩት። የሄዳችሁበት ምከሩኝ።

ይህን ከጻፍኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ምላሹ 33 ደርሷል። ዘግይታችሁ የገባችሁ ከላይ እስከ ታች ማንበብ እንዳቃታችሁ ስለነገራችሁኝ፣ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስቀምጥላችኋለሁ። የተቆጡኝንም አልዘለልኩም።

1ኛውን ምላሽ የጻፉት ሸዋ ሮቢት የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። መርቀውኝ ጀመሩ። ወሩን በደንብ እንደመረጥኩ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ እንደሚሻል፣ በክረምቱ ወራት ግን እዚያ ሙቀቱ ወደ 50 ዲግሪ እንደሚጠጋ አስረዱኝ። ከደጋ ተነስቼ በአንድ ቀን ቁልቁል እንዳልወርድ መከሩኝ። እሳቸው ያሉበት ከተማ 1,280 ሜትር ላይ ስለሆነ እዚያ አንድ ሌሊት፣ ሎጊያ ወይም ሰመራ ደግሞ አንድ ሌሊት ባድር ሰውነቴ ሙቀቱን ቀስ እያለ ይለምደዋል። የወባ መከላከያውን ጉዳይ ከመነሳቴ በፊት ሐኪም እንዳማክር አደራ ብለውኛል። አመሰግናለሁ ጋሼ፣ እንዳሉት አደርጋለሁ።

2ኛው መልካም ጉዞ ብሎ አለፈ።

3ኛው ሰው በደስታ ተነስቶ ዳሎል የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታና በዓለም ላይ ከፍተኛው ሙቀት የተመዘገበበት እንደሆነ ጻፈ። 4ኛው ሁለቱንም በትሕትና አረመ። የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ጂቡቲ ውስጥ ያለው የአሳል ሐይቅ ነው፤ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር። ስለ ሙቀቱም፣ የዳሎል ክብረ ወሰን የአንድ ቀን ሳይሆን የዓመቱ አማካይ ነው። ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. እዚያ የተለካው አማካይ 34.6 ዲግሪ ሲሆን፣ ሰው በኖረበት ቦታ ከተመዘገቡት ሁሉ ይበልጣል። ይህ ለእኔ ትልቅ ልዩነት ነው። የአንድ ቀን ቃጠሎ ቢሆን ኖሮ ተደብቆ ማሳለፍ ይቻል ነበር፤ አማካይ ማለት ግን ሌሊቱም አያሳርፍም ማለት ነው።

5ኛው ምላሽ የክሩ (የዚህ ውይይት) ጌጥ ነው። የጻፈው ለጋዜጣ ፎቶ ሲያነሳ የኖረ፣ ዳሎል አራት ጊዜ የወረደ ባለሙያ ነው። መጀመሪያ የነገረኝ ስለ ነጩ መሬት ነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ መለካት ይወዳል፤ ስለዚህ የጨው ሜዳ ላይ በራሱ ከተተወ ነጩን አመድ ያስመስለዋል። ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን) ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ ከፍ ማድረግና በእስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል ሳይሆን ሂስቶግራሙን፣ ማለትም የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ፣ ማመን እንዳለብኝ አስረዳኝ፤ በዚያ ፀሐይ እስክሪን ላይ ያለ ምስል በደንብ አይለይምና። የሠርግ ቬሎ ስናነሳ የምናደርገው ነገር ስለሆነ ወዲያው ገባኝ። ቀጥሎ ስለ ሌንስ መቀያየር መጣ። እዚያ ያለው አቧራ የጨው ዱቄት ነው፤ ሴንሰር ላይ ካረፈ በጨርቅ ሲጠረግ ይቧጭራል። ሁለት ካሜራ ከሌለኝ ጠዋት አንዱን ሌንስ መርጬ ቀኑን በእሱ እንድውል፣ መቀየር ግድ ከሆነም መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቼ፣ ኤሲውን አጥፍቼ እንድቀይር ነገረኝ። በኤሲ የቀዘቀዘ ሌንስ ወደ ውጭ ሲወጣ ጉም ይይዘዋልና ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ቀስ ብሎ ይሙቅ አለኝ።

ከዚህ ሰው ጽሑፍ ከአእምሮዬ ያልወጣው የትራይፖዱ ነገር ነው። ሦስቱን እግሮች ጨዋማው ውሃ ውስጥ ተክሎ ግማሽ ሰዓት ያህል አነሳ። ማታ ሊያጥፈው ሲሞክር አንደኛው መገጣጠሚያ እንቢ አለ። በእጅ ባትሪ ሲያየው፣ ብሎኑ ዙሪያ እንደ ሩዝ ፍሬ ያሉ ነጫጭ ጠጠሮች በቅለው እርስ በርስ ተቆላልፈዋል። በጥፍሩ ቢፈነቅል አልወጣም፤ የሚጠጣውን ውሃ ከፍሎ አጥቦ ነው ያላቀቀው። ከዚያ ወዲህ የትራይፖዱን እግሮች በፌስታል ጠቅልሎ በላስቲክ ያስራል። ፎቶውንም ለጥፎልናል፤ ተመልሳችሁ እዩት።

ስለ ቀለሙም የነገረኝ ነገር ዕቅዴን ያናጋው የመጀመሪያው ነበር። ፍል ውሃው ሲፈልቅ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። በውስጡ ያለው ብረት አየር እያገኘ ሲሄድ ወደ ቢጫ፣ ወደ ብርቱካን፣ በመጨረሻም ወደ ቡናማ ይለወጣል። ምንጩ ከደረቀ ቀለሙ ይሞታል፤ ሌላ ምንጭ ሌላ ቦታ ይፈነዳል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን ፎቶ እዚያው ቦታ ቆሜ እደግመዋለሁ ብዬ ማሰቤ ከንቱ ነው። አሲዱም ከባድ ነው፤ የአንዳንዱ ኩሬ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፣ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከዜሮ በታች ተለክቷል። ዳር ዳሩን የሚሸፍነው የጨው ቅርፊት ስስ ሆኖ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ስለሚችል፣ መሪው ያልረገጠውን እንዳልረግጥ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ።

6ኛው ይህ ሁሉ ዕቃ ለምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀ፤ የዘመኑ ስልክ ከበቂ በላይ ነው ባይ ነው። 7ኛው መልሱ ሻከር ያለ ነበር፤ ስልክ በሐሩር ሲግል ካሜራውን ራሱ እንደሚዘጋና 6ኛው ከቤቱ ወጥቶ እንደማያውቅ ከጽሑፉ እንደሚያስታውቅ ተናገረ። ሁለተኛው ነገር አያስፈልግም ነበር። ባትሪ ላይ ግን ጠቃሚ ቃል ጨምሯል፤ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ካለፈ ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ስለሚጎዳ ቻርጅ የሚደረገው ሌሊት ነው።

8ኛዋ የመንዝ እናት ናቸው፤ ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። ስለ ካሜራ አንድም ቃል አልተናገሩም። ስለ ውሃ ነው የተናገሩት። የመንዝ ባና (ከበግ ፀጉር የተሠራውን ብርድ ልብስ) በደንብ አርጥቤ ጄሪካኑን እንድጠቀልልበትና ነፋስ በሚያገኘው በኩል እንዳስቀምጠው፣ ጨርቁ ሲደርቅም ደግሜ እንዳረጥበው መከሩኝ። ባለቤታቸው በወጣትነታቸው ቆላ ለእርሻ ሲወርዱ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ሞከርኩት። ባለፈው እሑድ ሸዋ ሮቢት ወርጄ አንዱን ጄሪካን ጠቅልዬ፣ ሌላውን ራቁቱን ጥላ ሥር አቆምኳቸው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከሁለቱም ቀዳሁ። የተጠቀለለው ጉሮሮ ያረካል፤ ያልተጠቀለለው ለብ ብሏል። የበግ ፀጉር ለብርድ ብቻ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር። እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ለስንቅ በሶና ዳቦ ቆሎ እንድይዝ፣ ላብ ሲበዛ በሶውን ጨው ጣል አድርጌ እንድበጠብጠውም ብለዋል።

9ኛ፣ 10ኛና 11ኛ ምላሾች ከዳቦ ቆሎ ተነስተው የደብረ ሲና መንገድ ላይ ወደሚሸጠው ቆሎ ገቡ። ጥሩ ክርክር ነበር፣ ግን እዚህ አላመጣውም።

12ኛው ከባድ መኪና የሚነዳ የደብረ ብርሃን ሰው ነው፤ ከአፍዴራ ጨው ያመላልሳል። መንገዱን እንደ መዳፉ ያውቀዋል፦ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ወደ ባቲ ታጥፎ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ፣ በሰርዶ በኩል ደግሞ ወደ አፍዴራ። በዚህ ሳምንት ክፍት የሆነ መንገድ በሚቀጥለው ሊዘጋ እንደሚችል፣ ስለዚህ በየማለዳው ከፊት ያለው ከተማ ለሚያውቁት ሰው ሳይደወል እንደማይነሳ ነገረኝ። ከአፍዴራ ወዲያ ለብቻ በአንድ መኪና መግባት ሞትን መጥራት ነው ባይ ነው፤ ሁለት መኪና፣ የአካባቢው መሪ፣ ትርፍ ጎማ ሁለት። ሰዎች ይዞ ሲሄድ የደረሰበትንም አጫወተን፦ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ሙሉ ክፍያ ተቀብሎ፣ የተዋዋለውን ውሃ ግማሹን ብቻ ጭኖ ልኳቸው፣ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃ በኩባያ እየተለካ ተከፋፈሉ። ውሃ ሲጫን ቆሜ እንድቆጥር ነው ምክሩ።

13ኛው ለምን ኤርታሌን እንዳልጨመርኩ ጠየቀና ራሱ መለሰ። ተራራው 613 ሜትር ብቻ ነው፤ ሌሊት ይወጣል። ነገር ግን በጥር 2009 ዓ.ም ከተነሳው ፍንዳታ በኋላ የቀለጠው ዐለት ሐይቅ ጠባዩ ተለዋውጧል፤ ድሮ የታየውን አገኛለሁ ብሎ መሄድ አይቻልም። በጥር 2004 ዓ.ም እዚያው ተራራ ላይ አምስት የውጭ ጎብኚዎች መገደላቸውንም አስታወሰን። አሁን ደግሞ በዚያው ሰንሰለት ያለው ሃይሊ ጉቢ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ደርሷል፤ አፍዴራ አካባቢ የከብቱ ግጦሽ አመድ ለብሷል። ስለዚህ ጉዞው ላይ ኤርታሌን አልጨመርኩም። ለአመዱ ግን የአፍና አፍንጫ ጭምብል ገዝቻለሁ፤ ለዳሎል ጋዝም ያስፈልጋል።

14ኛዋ አንኮበር የምታስተምር የጂኦግራፊ መምህርት ናት። በ2017 ዓ.ም በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን በኩል መሬቱ ለወራት ሲናጥ፣ ታኅሣሥ ላይም ዶፈን ሥር ተሰንጥቆ እንፋሎትና ጭቃ ሲተፋ እኛ ቤት ሳህን ይንቀጫቀጭ እንደነበር አስታወሰችን። ያ ስምጥ ከዳሎል ስምጥ ጋር አንድ ነገድ ነው። የአረብ፣ የኑቢያና የሶማሊያ የመሬት ንጣፎች እየተራራቁ ያሉት አፋር ላይ ነው፤ የእኛ ገደል የዚያ ስንጥቅ ምዕራባዊ ከንፈር ነው። የዳሎል ጨው ደግሞ ቀይ ባሕር ገብቶበት የነበረ ቦታ ደርቆ የቀረ ነው፤ ውፍረቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ቀጥላ የጻፈችውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጣርማበር ላይ የሚወርድ ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ምዕራብ የፈሰሰው እንደ በሬሳ ወንዝ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ፣ ከዓባይ ወደ ሜዲትራኒያን ይሄዳል። ወደ ምሥራቅ የፈሰሰው እንደ ሮቢ ባሉ ወንዞች በኩል አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፣ ጂቡቲ ወሰን ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይተናል። አንድ ጣራ ላይ የወረደ ጠብታ እጣው በግራና በቀኝ ይለያያል ማለት ነው። ሃያ ዓመት ያነሳሁት ግራጫ መስመር የእኛው ውሃ የሚያልቅበት አገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

15ኛው ጓሳ እያለን፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ደጃችን ላይ እያሉ በረሃ መሄድ ምን ይሉታል ብሎ ቆጣ አለ። ጓሳን እወደዋለሁ፣ ብዙ ጊዜ አንስቻለሁ። ግን አንዱን መውደድ ሌላውን አያስከለክልም።

16ኛው ምላሽ ሲመጣ የክሩ አየር ተለወጠ። ሰመራ የሚማር የአፋር ልጅ ነው የጻፈው። ሰላምታ የለውም። ሰው ሳላስገባ ቀለሙን ብቻ ያልኩበትን ቦታ ነቅሶ፣ ባዶ አገር ያለ ይመስል እንደተናገርኩ ጻፈ። እዚያ ጨው ሜዳ ላይ አጎቶቹ ይሠራሉ። አንዱ ጨዉን በመጥረቢያ ይሰነጥቃል፣ ሌላው በእንጨት ፈንቅሎ ያነሳል፣ ሌላው ቁጭ ብሎ በልክ ይጠርባል፤ ከዚያ በግመል ይጫናል። ከደጋ የሚወርደው ፎቶ አንሺ ግን ወይ ሰውን ጨርሶ ያወጣል፣ ወይ ከግመል ጋር ጥቁር ጥላ አድርጎ ያስቀራል። ስም የለም፣ ፊት የለም። ቀን እያረፈደ ሲሄድ ሰዎቹ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ሲመለሱ ደግሞ ሌንሱ ይረዝማል። በመጨረሻም እኔ ሠርግ ሳነሳ ሙሽራዋን አስወጥቼ ወንበሩን ብቻ አነሳ እንደሆነ ጠየቀኝ።

17ኛው ተሳደበበት። 18ኛው ስድቡን በስድብ መለሰ። 19ኛው ነገሩን ወደ ብሔር ሊወስደው ሲል አስተዳዳሪዋ በ20ኛው ገብታ ሁለቱን ምላሾች ሰረዘች፤ የቀሩትንም አስጠነቀቀች። ደግ አድርጋለች።

21ኛው የእኔ ነው። ልጁ እውነቱን ነው። ባቲ የሰኞ ገበያ ላይ ያደረግኩትን ተናዘዝኩ። ከአራት ዓመት በፊት ነው። የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ ገበያተኛ የሚገናኝበት ሜዳ ላይ፣ ቅቤ የምትሸጥ ወጣት አየሁ። የፀጉሯ ሹሩባ ላይ ብርሃኑ እንዴት እንዳረፈ! ሳልጠይቃት በረጅሙ ሌንስ አነሳኋት። የማንሻውን ድምፅ ሳይሆን የሌንሱን መስታወት ነው ያየችው መሰለኝ፤ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች፣ የቅቤ ቅሏን አንስታ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ፎቶውን እዚያው ሰረዝኩት። ይቅርታ ግን ሳልጠይቃት ነው የሄድኩት፤ ለመጠየቅ ቃሉን አላወቅኩትም። ያንን ለልጁ ጻፍኩለት። ሙሽራዋን አላስወጣም፤ ሰው ሳላስገባ ያልኩት ከዚያን ቀን ወዲህ የአፋር ሰው ፊት ካሜራ ማንሳት ስላፈርኩ እንደሆነ፣ ያንንም እስከዚያች ሰዓት ለራሴ እንኳ እንዳልነገርኩት ነገርኩት።

22ኛው እሱው ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ተመለሰ። ቁጣው በርዶ ነበር። ወንድሜ ብሎ ጀምሮ ስለ ዳጉ አስተማረኝ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሳይቀመጡ፣ ሳይነጋገሩ አይተላለፉም። ከየት እንደመጣህ፣ በመንገድ ምን እንዳየህ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደታመመ ትነግራለህ፤ እውነቱን፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ። ያኛውም ይነግርሃል። ስለዚህ እዚያ ስደርስ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ እንዳለ እንድቀመጥ፣ ከየት እንደመጣሁ፣ ጣርማበር ላይ ዝናቡ እንዴት እንደከረመ እንድናገር፣ ከዚያ ብቻ እንድጠይቅ ነገረኝ። ሴት ለማንሳት ከራሷ ሌላ የቤተሰቧንም ፈቃድ መጠየቅ እንዳለብኝ ጨመረ። የአፍዴራ የጨው ኩሬዎች ላይ የሚሠራ ዘመድ እንዳለውና እንደሚያገናኘኝም ቃል ገባ።

23ኛውን የጻፉት የአልዩ አምባ የአርጎባ ሽማግሌ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው እየተየበላቸው። የዳሎል መንገድ ከሰመራ እንደማይጀምር፣ ከእሳቸው ቀዬ እንደሚጀምር ነገሩን። ሲራራ ነጋዴው ከአሳል ሐይቅ በግመል የጫነውን ጨው የሚያራግፈው አልዩ አምባ ነበር። ግመሉ ዳገቱን ስለማይችለው ከዚያ ወዲያ ወደ አንኮበር የሚወጣው በበቅሎና በአህያ ነው። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ ተነስቶ፣ አሳል ዳር በውሃ ጥም ሊያልቅ ደርሶ፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ሽማግሌው ይህን ከመጽሐፍ አልጠቀሱም፤ ከአያታቸው የሰሙትን ነው ያወጉን።

24ኛው በዚህ ተደስቶ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦም በዚህ መንገድ እንደመጣና በረሃውን በፎቶ እንዳነሳ ጻፈ። 25ኛዋ ግማሹን አጸናች፣ ግማሹን አረመች። ራምቦ በ1886 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ተነስቶ፣ አራት ወር ያህል ተጉዞ በ1887 አንኮበር ደርሷል፤ ምኒልክ እዚያ ስላልነበሩም እንጦጦ ድረስ ሄዷል። ፎቶዎቹ ግን የሚታወቁት ሐረር ውስጥ በ1883 ያነሳቸው ናቸው፤ የበረሃው አይደሉም። ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ካሜራ መያዝ የሚያውቅ ሰው አራት ወር በዚያ መንገድ ሄዶ ከዚያ የምናየው ነገር የለንም።

26ኛው ምላሽ ቃል የለውም፣ ፎቶ ብቻ። አንድ ሰው የአያቱ ሳጥን ውስጥ ያገኘውን አሞሌ አንስቶ ለጥፎታል። ክንድ የማይሞላ፣ መሃሉ ወፍሮ ጫፍና ጫፉ የሾለ፣ አመድማ። ዙሪያውን እንዳይሰነጠቅ በልጥ ታስሯል፤ ልጡ ጠቁሯል። አንደኛው ጫፍ ግን ጎድጎድ ብሎ እንደ መስታወት ለስልሷል፤ በምላስ ይሁን በእጅ ብዛት አላውቅም። ገንዘብ የነበረ ጨው ነው። ቀለሙን ፍለጋ ዳሎል ልሄድ የተነሳሁት ሰው፣ ከዚህ ግራጫ ድንጋይ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

27ኛው ድሮን ይዤ እንደሆነ ጠየቀ፤ 28ኛው ድሮን ያለ ፈቃድ ማስነሳት ሊያስወርስና ሊያስጠይቅ እንደሚችል ነገረው። አልያዝኩም።

29ኛዋ አጭር ጥያቄ ነው የጠየቀችው፤ የማነሳቸው ሰዎች ፎቷቸውን ያያሉ ወይ? ለምን እንዳላሰብኩት ገረመኝ። የሠርግ ደንበኛ አልበሙን ሳይረከብ አይከፍለኝም፤ ጨው ቆራጩስ? 30ኛው ወዲያው የሚያትም ካሜራ፣ ኢንስታክስ፣ እንድይዝ ሐሳብ አቀረበ። 5ኛው ባለሙያ በ31ኛው ተመልሶ ያ ፊልም የሚሠራው ከ5 እስከ 40 ዲግሪ እንደሆነ፣ በሐሩር ቀለሙ እንደሚበላሽ አስጠነቀቀ። ሌሊት ይሁን እንጂ ቀን እንዳልሞክረው። የተሻለው ደብረ ብርሃን ተመልሼ በወፍራም ወረቀት ማተም፣ እንዳይጣበቅም መሃል መሃሉን በስስ ወረቀት መለየት ነው። ግን ማን ያደርስልኛል?

32ኛው መልሱን ይዞ መጣ፤ የጨው መኪናው ሹፌር። ጨው ለመጫን ወደ አፍዴራ ሲወርድ መኪናው ባዶ ነው የሚሄደው። ፖስታውን ስቱዲዮዬ መጥቶ ይወስዳል፤ እዚያ የሚጭኑለትን ልጆች በስም ያውቃቸዋል፣ በእጃቸው ይሰጣል። ክፍያ እንደማይፈልግ፣ ለራሱም አንድ ፎቶ ካነሳሁለት እንደሚበቃው ነግሮኛል፤ መኪናው ፊት ቆሞ፣ ጨው ተጭኖ።

33ኛው የእኔ ነው፣ ትናንት ማታ የጻፍኩት። ዕቅዱን ለውጫለሁ። ሦስት ቀን የነበረው ዐሥራ ሁለት ሆኗል። ጥር 14 ቀን ወደ ሰሜን አልነዳም፤ መጀመሪያ አንኮበር ወጥቼ፣ በእግሬ ወደ አልዩ አምባ ወርጄ ሽማግሌውን እጠይቃለሁ። ፈቃዳቸው ከሆነ የጉዞው የመጀመሪያ ፎቶ የእሳቸው ይሆናል፤ የልጅ ልጃቸው ነገሩን ነግሮልኛል። ከዚያ በደብረ ሲና ወርጄ ሸዋ ሮቢት አድራለሁ፣ ባቲ ሰኞ ላይ እደርሳለሁ። አፍዴራ አምስት ቀን እቀመጣለሁ፤ ሁለቱን ቀን ካሜራው አይወጣም። ዳሎል የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ናቸው፣ መንገዱና መሪው ከፈቀዱ። ረጅሙን ሌንስ እቤት ትቼዋለሁ፤ በምትኩ 50 ሚሊ ሜትር ተውሻለሁ፤ በእሱ ሰው ለማንሳት ሁለት እርምጃ ድረስ መቅረብ ግድ ነው።

የሰመራው ወንድሜ አንድ ነገር ብቻ ላክልኝ፦ ፎቶ ላነሳህ ትፈቅድልኛለህ የሚለውን በአፋርኛ፣ ለወንድና ለሴት፣ በድምፅህ ቀድተህ። ከጥር 14 በፊት በቃሌ ልይዘው።